ያውቁ ኖሯል? ከውቤ በረሃ እስከ እውነተኛው በረሃ፣ ከዚያም እስከ ባሕሩ

ከፒያሳ ባሕር አይታይም። የፒያሳን ነገር ግን አንድ በአንድ ቢመዙት መጨረሻው የሚገኘው ወደብ ላይ ነው። የጣሪያው ቆርቆሮ፣ የሲኒማው ማሽን፣ የወርቅ ሠሪው መዶሻ፣ የሆቴሉ አልጋ ሁሉም ቀድሞ በመርከብና በግመል፣ ኋላም በባቡር ሽቅብ የወጡ ናቸው። ስለዚህ የባሕር ዳርቻ ጉዞ መረጃችንን ከፒያሳው ደጃች ውቤ ሰፈር ብንጀምር አይፈረድብንም። (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ካልተባለ በስተቀር በእኛው አቆጣጠር ናቸው።)

ያውቁ ኖሯል? ፒያሳ የሚገኘው ሐሩር ክልል ውስጥ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን የምትርቀው 9 ዲግሪ ብቻ ነው፤ በሙቀቷ የምትታወቀው ጅቡቲ እንኳ ከእኛ በላይ፣ 11 ዲግሪ ተኩል ላይ ነች። ልዩነቱን ያመጣው ከፍታው ነው። የጅቡቲ ሰው በሐምሌ ከ40 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ሲቀቀል፣ የአራዳ ልጅ በ2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ሆኖ የጃኬቱን ዚፕ እስከ አገጩ ይጎትታል።

ያውቁ ኖሯል? በዓመት ሁለት ቀን ጥላዎ ምኒልክ አደባባይ ላይ ይጠፋል። ሚያዝያ 5 ገደማና ነሐሴ 24 ገደማ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ25 ደቂቃ አካባቢ ፀሐይ ትክክል አናትዎ ላይ ትቆማለች፤ ጥላዎም ከጫማዎ ሥር ይገባል። የነሐሴውን ደመና ስለማይለቅልዎ የሚያዝያውን ይያዙ።

ያውቁ ኖሯል? በነሐሴ ወር ብቻ አዲስ አበባ ላይ የሚወርደው ዝናብ ጅቡቲ ከተማ ዓመቱን ሙሉ ከምታገኘው ይበልጣል። ያም ሆኖ አገራችንን ለዓለም ያስተዋወቃት መፈክር «የ13 ወር ፀሐይ» የሚለው ነው። የመፈክሩ አባት የኢትዮጵያን የቱሪዝም መሥሪያ ቤት ያቋቋሙት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ናቸው። በክረምት ፒያሳ ላይ ጃንጥላ የተገነጠለበት ጎብኚ ምን እንደሚል መገመት አያዳግትም፤ ቢሆንም እስከ ዛሬ ከዚያ የተሻለ መፈክር አላየሁም።

ያውቁ ኖሯል? ፒያሳ ላይ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ 100 የሚደርሰው ባሕር ዳርቻ ላይ ነው። ባቄላዎ አልበስል ካለ ምድጃውን አይውቀሱ።

ያውቁ ኖሯል? ፒያሳ ላይ የዘነበው ዝናብ ወደ ባሕር ይጓዛል፤ ነገር ግን አይደርስም። የከተማዋ ወንዞች ወደ አቃቂ ይገባሉ፤ አቃቂ በአባ ሳሙኤል ግድብ በኩል ከአዋሽ ይቀላቀላል። አዋሽ ደግሞ የስምጥ ሸለቆን ተከትሎ፣ የአፋርን ምድር አቋርጦ፣ ጅቡቲ ጠረፍ ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ የለም፤ ፀሐይ ትጨርሰዋለች። ከባሕሩ ይህን ያህል ቀርቦ የሚቀር ትልቅ ወንዝ ማየት ለሚፈልግ መንገደኛ አቤ በእንፋሎት በሚጨሱ የኖራ ድንጋይ ማማዎቹና በፍላሚንጎዎቹ ይጠብቀዋል።

ይህን የወንዝ ነገር እስከ መጨረሻው የተከታተለው ሰው የአዲስ አበባ ልጅ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም። እንግሊዛዊው ተጓዥ ዊልፍሬድ ቴሲጀር በ1902 ዓ.ም. እዚሁ በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ግቢ ተወለደ። በ1923 ዓ.ም. ለአጼ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ተጋብዞ ተመለሰ፤ በ1926 ዓ.ም. ደግሞ ግመሎቹን ጭኖ አዋሽን ተከተለ። ወንዙ አቤ ላይ ሲቆም እሱ ግን አልቆመም፤ የአሳልን ሐይቅ አልፎ ታጁራ ላይ ከባሕሩ ደረሰ።

ያውቁ ኖሯል? አዲስ አበባ በተቆረቆረችበት በዚያው በ1879 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ገጣሚ አርቱር ራምቦ ከታጁራ ጠመንጃ በግመል ጭኖ ሸዋ ገባ። እስከ አንኮበር ብቻ አራት ወር ፈጅቶበታል። ሒሳቡን ከምኒልክ ጋር የጨረሰው እንጦጦ ላይ ነው፤ ትርፍ ግን አላገኘበትም። ግጥም መጻፍ አቁሞ ንግድ ለሚያስብ ሰው ጥሩ ማስጠንቀቂያ ነው።

ያውቁ ኖሯል? የአራዳ ገበያ መገበያያ ሁለት ነበር፤ ሁለቱም የባሕር ዝምድና አላቸው። አንደኛው የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ብር ነው፤ መቼም ይታተም መቼ ፊቱ ላይ የሚነበበው ዓመት እ.ኤ.አ. 1780 ነው። ሁለተኛው አሞሌ ጨው ነው። አሞሌው የሚቆረጠው ከአፋር ዝቅተኛ ቦታ ሲሆን፣ ያ ቦታ በጥንት ዘመን የቀይ ባሕር አካል ነበር። የአራዳ ሸማች እንግዲህ በደረቀ ባሕር ቁራጭ በግ ይገዛ ነበር ማለት ነው።

ገበያው ራሱ ዛሬ የለም። ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ግርጌ ይውል የነበረው ትልቁ ገበያ በጣሊያን ወረራ ዘመን ወደ ምዕራብ ተገፍቶ መርካቶ ሆነ። አራዳው ለነጮቹ ሱቅና ቡና ቤት ተለቀቀ፤ ፒያሳ የሚለው ስምም ያኔ የቀረልን ነው።

ያውቁ ኖሯል? እንጦጦን የሸፈነው ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ የመጣ ነው። የገባው በምኒልክ ዘመን፣ የከተማዋ ማገዶ ተሟጦ ቤተ መንግሥቱ ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር በታሰበበት ሰዓት ነው። ችግኙ ቶሎ ባይበቅል ኖሮ ይህን አምድ ምናልባት ከአዲስ ዓለም እጽፈው ነበር።

ያውቁ ኖሯል? አዲስ አበባ ያየችው የመጀመሪያው አውቶሞቢል በባቡር ተጭኖ አልመጣም፤ ባቡሩ ገና ድሬዳዋ ነበርና። ቤንትሊ የሚባል እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. መንገድ በሌለበት አገር እየገፋም እየነዳም አመጣው። አጼ ምኒልክም ተሳፈሩበት።

ያውቁ ኖሯል? የአገሪቱ የመጀመሪያው ሆቴል እስከ ዛሬ ስሙን እንደያዘ ነው፤ የእቴጌ ጣይቱ። በ1898 ዓ.ም. የተሠራው ይህ ሆቴል ከዚያ በፊት ማደሪያ ፍለጋ የመኳንንት ደጅ ይጠኑ ለነበሩት እንግዶች ታላቅ እፎይታ ነበር። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. እሳት ብዙውን ክፍል በላው፤ በግቢው የነበረው ጃዛምባ የተባለው የጃዝ ቤትም አብሮ ጠፋ። ሆቴሉን ሲጎበኙ ደረጃውን ቀስ ብለው ይውጡ። የእንጨቱ ድምፅ ከማንኛውም አስጎብኚ ይልቅ ዕድሜውን ይነግርዎታል።

ያውቁ ኖሯል? በዚያው 1898 ዓ.ም.፣ በየካቲት፣ የአቢሲኒያ ባንክ ተከፈተ። የተቋቋመው ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋር በተደረገ ውል ነው። ሆቴልና ባንክ በአንድ ዓመት፤ እንግዳው ሊመጣ እንደሆነ ሰፈሩ ገብቶታል።

ያውቁ ኖሯል? ፒያሳ ጊዮርጊስ ሁለት ዘውድ ተጭኖበታል። ንግሥት ዘውዲቱ በየካቲት 1909፣ አጼ ኃይለ ሥላሴ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የነገሡት በዚሁ ስምንት ማዕዘን ባለው ቤተ ክርስቲያን ነው። ፋሺስቶች በ1929 ዓ.ም. አቃጠሉት፤ ከነፃነት በኋላ ታድሶ የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ሥዕልና ባለቀለም መስታወት ገባበት። ሙዚየሙን ለማየት ከቅዳሴ በኋላ ያለውን ሰዓት ይምረጡ፤ ጫማ የሚወልቅበት ቦታ አለና ካልሲዎም የሚታይ ይሁን።

ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት የቆመው የምኒልክ ሐውልት በኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዋዜማ የተመረቀ ነው። ወራሪው አዲስ አበባ እንደገባ ነቅሎ ቀበረው። ከነፃነት በኋላ ተቆፍሮ ወጣና ፈረሱ እንደገና ሁለት እግሩን አነሣ። የተቀበረ ንጉሥ ሲነሣ ያየ አደባባይ በዓለም ላይ ብዙ የለም።

ለዚያ የዘውድ በዓል የመጡት መሳፍንት፣ አምባሳደሮችና ጋዜጠኞች በምን መጡ ይመስልዎታል? በመርከብ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በባቡር። የእንግሊዙ ንጉሥ ልጅ የግሎስተሩ መስፍንም የተጓዙት በዚሁ መንገድ ነው።

ያውቁ ኖሯል? በዚያ ቀን የተሰማው የአገሪቱ መዝሙር ዜማ የአርመናዊ ሥራ ነበር። አልጋ ወራሽ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ላይ አርባ አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆችን አግኝተው የንጉሥ ማርሽ ባንድ እንዲሆኑ አመጧቸው። አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን መዝሙሩን አቀናበረ። «አርባ ልጆች» የተባሉት እነዚህ ናቸው፤ የነሐስ መሣሪያ በአዲስ አበባ ሙዚቃ ውስጥ ሥር የሰደደውም በዚህ በኩል ነው። የአርመኖቹን ቤተ ክርስቲያን ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ አራት ኪሎ በሚወስደው አቅጣጫ ዛሬም ያገኙታል።

ያውቁ ኖሯል? የመጀመሪያዎቹ ተመልካቾች ሲኒማውን «ሰይጣን ቤት» ነበር የሚሉት። ቦታው ቴዎድሮስ አደባባይ አካባቢ፣ በኋላ ሜጋ አምፊ ቲያትር የሆነው ነው። ግድግዳ ላይ የሚንቀሳቀስ ሰው ታይቶ አያውቅምና ካህናቱ ቢቆጡ አይፈረድባቸውም። ሰዉ ግን መግባቱን አልተወም።

ያውቁ ኖሯል? ሀገር ፍቅር ቲያትር ፒያሳ ላይ ከሚያገኟቸው ነገሮች ሁሉ ለጎብኚ ሳይነገር የሚታለፈው ነው። ማኅበሩ የተቋቋመው በ1927 ዓ.ም.፣ የጣሊያን ጦር ጠረፍ ላይ ሲከማች፣ ሕዝቡን በንግግርና በዘፈን ለመቀስቀስ ነበር። ጥላሁን ገሠሠ ከመድረክ ጋር የተዋወቀው እዚህ ነው። በአፍሪካ ከቀደምቶቹ አገር በቀል ቲያትር ቤቶች አንዱ መሆኑን ደጃፉ ላይ ሻይ የሚጠጡት እንኳ ሁሉም አያውቁትም።

ያውቁ ኖሯል? ውቤ በረሃ አሸዋ የለውም። ደጃች ውቤ ሰፈር የደጃዝማች ውቤ አጥናፍ ሰገድ ነው፤ ደጃዝማቹ ከዘውዲቱ ባሎች አንዱ ነበሩ። በረሃነቱ የመጣው ኋላ ነው፣ በ1950ዎቹና በ60ዎቹ። ሌሊቱን ሙሉ ክፍት የሆኑ ቡና ቤቶች፣ አዝማሪ፣ ጠጅ፣ ሴቶች፣ ደሞዙን በአንድ አዳር ጨርሶ በእግሩ የሚመለስ ጸሐፊ፤ ገብቶ የሚጠፋበት ስለበዛ ይመስለኛል። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ»ን የጻፈው በዚህ ሰፈር ሌሊቶች ላይ ነው። መጽሐፉ በአማርኛ ብዙ ዓመት ሳይታተም ቆይቷል፤ በፈረንሳይኛ ትርጉሙ እ.ኤ.አ. በ2004 ወጥቷል። የዚያን ጊዜውን ውቤ በረሃ ዛሬ ሄዶ ማየት አይቻልም። ከመሄድዎ በፊት ያንብቡት፤ ከሄዱ በኋላ ቢያነቡት ሰፈሩን ያጭበረበሩዎት ይመስልዎታል።

ያውቁ ኖሯል? ከእነዚያ ሌሊቶች የተረፈልንን ድምፅ ለማስቀመጥ የደፈረው አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት የሙዚቃ ነጋዴ ነበር። ሸክላ ማተም በሕግ ለሀገር ፍቅር ብቻ የተፈቀደ በነበረበት ጊዜ፣ በ1961 ዓ.ም. አምሃ ሪከርድስን ከፈተ። ሸክላዎቹ ይታተሙ የነበረው አገር ውስጥ አይደለም፤ በመጀመሪያ ሕንድ፣ ኋላም ሊባኖስ ነው። የዓለማየሁ እሸቴ ድምፅ እንኳ ባሕር ተሻግሮ ተመልሶ ነው ፒያሳ የተሸጠው።

ያውቁ ኖሯል? ቶሞካ ቡና እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ ፒያሳ ላይ ይቆላል። መቀመጫ ፈልገው አይግቡ፤ ቡናው ቆመው የሚጠጡት ነው።

አሁን የቸኮለ መንገደኛ ማወቅ ያለበት። የ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት የአሮጌውን ፒያሳ ብዙ ክፍል አፍርሷል። ዶሮ ማነቂያን የሚያሳይ የድሮ ካርታ ወይም የጉዞ መጽሐፍ ይዘው ከመጡ መጽሐፉን ለትዝታ ያስቀምጡት። መንገዱ ሰፍቷል፣ የእግረኛ መሄጃው አምሯል፣ መብራቱ በዝቷል። የጠፋው ደግሞ መብራት የማያመጣው ነው፤ ሦስት ትውልድ በአንድ ግቢ የኖረበት የእንጨት በረንዳ። ሁለቱንም ለመናገር አልፈራም።

በዚያው ዓመት፣ የካቲት 3፣ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም ተመረቀ። ቦታው ዜሮ ኪሎ ሜትር ይባላል፤ ከከተማዋ የሚወጡት መንገዶች ርቀት የሚቆጠረው ከዚህ ነው። እኛም ወደ ባሕሩ ከዚህ እንቁጠር።

ያውቁ ኖሯል? ከማዘጋጃ ቤቱ ጀርባዎን ሰጥተው ወደ ደቡብ ቢመለከቱ የቸርችል ጎዳና ቁልቁል እንደ ተዘረጋ ምንጣፍ እስከ ለገሃር ይወርዳል። ማዘጋጃ ቤቱን የነደፈው ጣሊያናዊው አርቱሮ ሜዜዲሚ ነው፤ አፍሪካ አዳራሽም የእሱ ነው። ቀላል ባቡሩ መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር አንደኛው ጫፉ ምኒልክ አደባባይ ሥር፣ መሬት ውስጥ ነበር። ቁልቁለቱን ግን በእግር ይውረዱት፤ ሽቅቡን ታክሲ ይያዙ። በዚህ ከፍታ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ከባሕር ዳርቻ የመጣ እንግዳ ቸርችል መካከል ላይ ቆሞ ሲተነፍስ ያዩታል።

ያውቁ ኖሯል? የባቡሩን ውል አጼ ምኒልክ ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ በ1890 ተነሥቶ ድሬዳዋ በ1895 ደረሰ፤ ገንዘብና ፖለቲካ አንቆት ዓመታት ቆሞ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር፤ ጉዞው ሦስት ቀን። ባቡሩ በሌሊት አይሄድም ነበርና መንገደኛው አዋሽና ድሬዳዋ እያደረ ነበር የሚጓዘው። የአዋሹ የጣቢያ ቡፌ የዚያን ዘመን እንግዳ ያስተናገደ ነው።

ከለገሃር ጣቢያ ፊት የቆመው የይሁዳ አንበሳ የፈረንሳዊው ጆርጅ ጋርዴ ሥራ ነው። ጣሊያን ነቅሎ ሮም ወሰደው፤ አርበኛው ዘርዓይ ደረስ እዚያው ሮም ላይ ጎራዴውን የመዘዘው በዚህ አንበሳ ምክንያት ነው። አንበሳው ከረጅም ዓመት በኋላ ተመልሶ ቦታውን ያዘ። ባቡሩ ግን ከዚያ ጣቢያ አይነሣም።

ያውቁ ኖሯል? አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመርቆ መደበኛ ሥራውን የጀመረው ታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ነው። ከሰበታ እስከ ጅቡቲዋ ናጋድ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገደኛ የሚሳፈረው ለቡ ፉሪ ጣቢያ ነው፤ ከፒያሳ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ ለቡ። የአዲሱ መሥመር ጣቢያዎች ሁሉ ከከተማ ወጣ ብለው የተሠሩ ናቸውና የታክሲ ጊዜውን አስቀድመው ያስቡ፤ የጉዞ ቀኑንም ቲኬት ቢሮ ሄደው ሳያረጋግጡ ሻንጣ አይሸክፉ። በመኪና የሚሄድ ሰው ሁለት በር አለው፤ በሚሌ በኩል ጋላፊ፣ ወይም በድሬዳዋ በኩል ደወሌ።

ያውቁ ኖሯል? መንገዱ ሲወርድ አልፎ የሚሄደው የሰው ልጅን ታሪክ ነው። ሉሲ በኅዳር 1967 ዓ.ም. የተገኘችው በዚያው በአዋሽ ተፋሰስ፣ ሐዳር ላይ ነው፤ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት። መኖሪያዋ ግን ከፒያሳ ብዙም አይርቅም፤ በአራት ኪሎና በስድስት ኪሎ መካከል ያለው ብሔራዊ ሙዚየም ነው።

ያውቁ ኖሯል? እውነተኛው በረሃ ዳሎል ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በተወሰደው ልኬት የዓመቱ አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ነበር፤ ሌሊቱም ቀኑም፣ ታኅሣሡም ሰኔውም ተደምሮ። ቦታው ከባሕር ጠለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ባሕር የሌላት ኢትዮጵያ ከባሕር በታች መሬት አላት። ያለ አካባቢው አስጎብኚ፣ ያለ በቂ ውኃ፣ የጸጥታውን ሁኔታ ሳይጠይቁ አይሂዱ፤ ከኅዳር እስከ የካቲት ካልሆነም ባይሄዱ ይሻላል።

ያውቁ ኖሯል? አዲስ አበባ ውስጥ የወባ ስጋት የለም፤ ቁልቁል ሲወርዱ ግን አለ። የከተማ ውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ የምትራባው የእስያ ወባ አስተላላፊ ትንኝ በአፍሪካ መጀመሪያ የታየችው እ.ኤ.አ. በ2012 ጅቡቲ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ኢትዮጵያ ውስጥ ተገኘች፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ድሬዳዋን በወረርሽኝ አመሰች። አጎበርና ረጅም እጅጌ ሸሚዝ ሻንጣው ውስጥ ይግቡ። «እኔ የፒያሳ ልጅ ነኝ» ቢሏት አትሰማም።

ያውቁ ኖሯል? የባሕር በር ያጣችው ኢትዮጵያ መርከቦች አሏት። እ.ኤ.አ. በ1964 የተመሠረተው የመርከብ ድርጅት ካሠራቸው መካከል «ሐረር»፣ «ጅግጅጋ»፣ «ጋምቤላ» እና «አሶሳ» ይገኛሉ። ጋምቤላ በውቅያኖስ ላይ ስትንሳፈፍ ማየት የሚቻለው እንግዲህ በዚህ ብቻ ነው። ምጽዋና አሰብን በተመለከተ ግን ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነፃ አገር ከሆነች ወዲህ፣ ጉዞውን የሚወስነው ከአየሩ ጠባይ ይልቅ የሁለቱ መንግሥታት ጠባይ ነው።

ያውቁ ኖሯል? ጅቡቲ ደርሰው ቧንቧ ሲከፍቱ የአገርዎን ውኃ ሊጠጡ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ከሶማሌ ክልል ሐዳጋላ ውኃ በቧንቧ ይሄዳል፤ ኤሌክትሪክም እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ከእኛ ይገባል። ጫቱ ደግሞ በየቀኑ ከሐረርጌ ይጫናል፤ እኩለ ቀን ላይ ሲደርስ የከተማዋ ጉዳይ ሁሉ እንዴት እንደሚቆም በዓይንዎ ያያሉ። በምትኩ የእኛ የገቢና የወጪ ንግድ ከመቶ ዘጠና በላዩ በጅቡቲ ወደብ ያልፋል። ማን ማንን እንደያዘ መለየት ይከብዳል።

ያውቁ ኖሯል? የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፤ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ ዶላር 177.7 ፍራንክ ነው። ዋጋው አይወርድም ብለው ግን ርካሽ አገር አይጠብቁ። የሥራ ሳምንቱ እሑድ ይጀምራል፤ ዓርብ ቢሮ ሄደው በር አይደብድቡ። ሰዓት ሲነግሩዎትም ያስተውሉ። ስምንት ሰዓት ላይ ተነሥ ካሉዎት የእኛው ሁለት ሰዓት ጠዋት ነው፤ ምሳ በልተው ቢመጡ መኪናው የለም።

ያውቁ ኖሯል? ከከተማዋ ሁለት ሰዓት ያህል ቢነዱ የአፍሪካን ዝቅተኛ መሬት ይረግጣሉ። የአሳል ሐይቅ ከባሕር ጠለል በታች 155 ሜትር ላይ ነው፤ ጨዋማነቱ የባሕርን አሥር እጥፍ ያህላል። መዋኘት አያስፈልግዎትም፣ ውኃው ራሱ ይሸከምዎታል፤ ቁስል ካለብዎት ግን አይሞክሩት። ከምኒልክ ሐውልት እግር እስከዚህ ድረስ ከ2,500 ሜትር በላይ ወርደዋል።

ከኅዳር እስከ ጥር ደግሞ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ፣ አርታ ዳርቻ አካባቢ፣ ዌል ሻርክ የሚባለው ግዙፍ ዓሣ ይመጣል። ሲያድግ 12 ሜትር ይደርሳል፤ እዚህ የሚታዩት አብዛኞቹ ገና ልጆች ናቸው። ምግቡ ጥቃቅን የባሕር ፍጥረት ስለሆነ ሰው አይነካም። አብረውት ሊዋኙ ይችላሉ፤ መንካትና ፊቱ ላይ መዝለል ግን ነውር ነው።

ያውቁ ኖሯል? ጅቡቲ ላይ የሚበላው ዓሣ የየመን አሠራር ነው፤ ለሁለት ተሰንጥቆ፣ በርበሬ ተቀብቶ፣ የጉድጓድ ምድጃ ውስጥ ተጠብሶ ከሰፊ ትኩስ ቂጣ ጋር ይቀርባል። በእጅ ነው የሚበላው፤ በዚህ በኩል አበሻ አይቸገርም። የጉዞው ምርጥ ወራት ከጾመ ነቢያት ጋር ስለሚገጥሙ ግን ዓሣው ይፈቀዳል አይፈቀድም የሚለውን ክርክር የንስሐ አባትዎን ጠይቀው ፒያሳ ላይ ይጨርሱት። አስተናጋጁ ዓሣውን ጋዜጣ ላይ ዘርግቶ ሲመጣ ለመጨቃጨቅ ጊዜ የለም።